የሥዕል ክበባችን ዓመት፦ ተልባ፣ እንቁላልና ቫን አይክ

«አማርኛ እንዲማሩ ነው የላክናቸው፤ የፈረንጅ ሥዕል ምን ያደርግላቸዋል?» ያላችሁኝ ወላጆች አላችሁ። ይህን የምጽፈው በተለይ ለእናንተ ነው።

አሥራ አንዱ ልጆች በየቅዳሜው ከፊደል ትምህርት በኋላ ተሰብስበዋል። ዝርዝሩን ልለፈው፤ ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ ነው። ተልባ ካነሳሁ አይቀር፣ የዓመቱ ዋና ሥራችን እሱው ነበር። ቀይ አፈር ፈጭተን ግማሹን በእንቁላል አስኳል፣ ግማሹን በተልባ ዘይት ለወስነው። የእንቁላሉ ብሩሹን ሳናነሳ ደረቀ፤ የተልባው በሳምንቱም ጣት ይይዝ ነበር። የ15ኛው ክፍለ ዘመን የፍላንደርስ ሠዓሊ ያን ቫን አይክ የተጠበበው በዚህ መዘግየት ነው፤ ቀለሙ እርጥብ ሳለ ጥላውን ከብርሃኑ ያዋህዳል፣ ሲደርቅለት ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቀለም ይደርብበታል። የዘይት ቀለምን ፈለሰፈ መባሉ ግን ተረት ነው፤ ከእሱ በፊትም ይታወቅ ነበር።

በመጋቢት ለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ወዳለው የሥዕል ሙዚየም፣ ናሽናል ጋለሪ ሄድን። መግቢያው ነጻ ስለሆነ የማኅበሩ ካዝና አልተነካም። እዚያ ያለው የቫን አይክ የአርኖልፊኒ ጥንዶች ሥዕል ከፍታው 82 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነውና ልጆቹ «ይህችው ናት?» አሉ። ከጥንዶቹ ጀርባ በተሰቀለው መስታወት ዙሪያ ከጥፍር የማይበልጡ አሥር ክብ ሥዕሎች አሉ። ዓመቱን ሙሉ በአማርኛ ስጠይቀው በእንግሊዝኛ የሚመልስልኝ አንድ ልጅ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ቆየና «ጋሼ፣ ስቅለት!» አለ። ቀጠለናም ግርፋቱን፣ መስቀል መሸከሙን፣ ትንሣኤውን በየስማቸው ጠራቸው፤ ሁሉንም በአማርኛ። እኔ ቃል አልወጣኝም።

ከመስታወቱ በላይ «ያን ቫን አይክ እዚህ ነበር፣ 1434» የሚል የላቲን ጽሑፍ አለ። በዚያው ዓመት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ እንደነገሡ ስነግራቸው አንዷ «እሳቸውስ ሠዓሊ ነበራቸው?» አለች። ነበር፤ መነኩሴው ፍሬ ጽዮን። የሚቀጥለው ዓመት ሥራችን እሱ ነው።

ጉድለታችንን አልደብቅም። አዳራሹን በሰዓቱ መልቀቅ ስላለብን እርጥብ ሥዕሎችን ደራርበን አራቱ ተጣብቀው ተበላሹ። ካፖርታቸው በቀይ አፈር የተቀባባቸውን እናት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለእንቁጣጣሽ ድግስ የማይሰስት ኮሚቴ አንድ የማድረቂያ መደርደሪያ መግዛት ያቅተዋል ብዬ አላምንም። እስኪገዛ ድረስ ሥዕሎቹ የሚደርቁት ከእኔ መኝታ ቤት ነው፤ ባለቤቴም የተልባ ሽታ አንገሽግሿታል።