ስንጥቁን ለስነን ልንገባ ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

እኔ አዳማ የምኖር ግንበኛ ነኝ፣ 20 ምናምን ዓመት በዚሁ ስራ ላይ ነኝ። የምጽፍላችሁ ሰሞኑን አዋሽ አካባቢ ያለችውን አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። በታኅሣሥ 2017 መሬቱ ሲንቀጠቀጥ፣ በተለይ የ26 ለሊቱ በመጠኑ 5.8 የደረሰው ጊዜ፣ ያ ሁሉ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ፣ ድንኳንና ስንዴም ተሰጠው፣ እሰየው፣ ሲረግብለት ግን ብዙው ግድግዳውን ማንም ባለሙያ ሳያይለት ተመልሶ ገባ። አክስቴም ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ እስከ ጣራው በሰያፍ የወጣውን ስንጥቅ በሲሚንቶ ደፍና ቀለም አስቀብታ "አዲስ ሆነ አይደል ልጄ" አለችኝ። ምን ልበላት?

የሚገርመው ጎረቤቷ ያለው አሮጌ ጭቃ ቤት ምርጊቱ ረገፈ እንጂ አልወደቀም፣ ቋሚውና ማገሩ ስለተያያዘ አብሮ ይወዛወዛል (እግሩን ምስጥ ካልበላው ማለቴ ነው)። የብሎኬት ቤት ግን ቶፕ ታይ ቢም (ግድግዳው አናት ላይ የሚዞረው ፌሮ ያለው ኮንክሪት) ከሌለው ማዕዘኑ ላይ ይላቀቃል፣ እንደ መቀነት ዙሪያውን ጠፍሮ የሚይዘው እኮ እሱ ነው። ሰው ቢሙን የሚዘለው ደግሞ ሳያውቅ ብቻ አይደለም፣ ፌሮው ውድ ነው፣ ግድግዳው ሲያልቅ ብሩም ያልቃል፣ ከዛ በቀጥታ ቆርቆሮ ይመታበታል።

ይሄ መሬት ደግሞ አመሉ የቆየ ነው፣ በ1953 ሰሜን ሸዋ ያለችው ካራ ቆሬ ስትናወጥ ማጀቴ ፈርሳለች፣ በ1961 አፋር ያለችው ሰርዶ። ኔፓሎች በ2007 ወደ ግማሽ ሚሊዮን ቤት ሲፈርስባቸው ባለቤቱ ራሱ እንዲሰራ 300 ሺህ ሩፒ ሰጡት፣ ግን በሦስት ዙር፣ መሰረቱ ታይቶ ካለፈ ነው ቀጣዩ የሚለቀቀው። እኛስ ብሩ ባይኖር እንኳ የቢሙን ፌሮና ሲሚንቶ ብቻ መስጠት፣ አንድ ኢንጂነርና የሰፈር ግንበኞች ቤት ለቤት ዞረው ይሄ ይጠገናል ይሄ ይፍረስ እንዲሉ ማድረግ ያቅተናል? የሚመለከተው አካል ትራንስፖርቴን ይቻለኝ እንጂ እኔ ለመሄድ ዝግጁ ነኝ።

የአክስቴ አልጋ አሁንም ያንኑ ግድግዳ ተጠግቶ ነው ያለው። በረንዳ ላይ ተኚ ብዬ ብለምናት ወባው ይጨርሰኛል ብላ እምቢ አለች፣ በስንት ጭቅጭቅ አልጋውን ወደ በሩ አስጠግቼላት መጣሁ።

አንድ ግንበኛ፣ ከአዳማ