ኢንቨርተር የምታቃጥለው ትንሽ ካፓሲተር

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በድሬዳዋ ከዚራ ኢንቨርተር (የባትሪን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ወደ ተለዋዋጭ የሚቀይር መሣሪያ) እጠግናለሁ፤ ሞስፌቱ (ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋው ትራንዚስተር) ተቃጥሎ የሚመጣልኝን ሰሌዳ ስፈትሽ ጥፋቱን ብዙ ጊዜ የማገኘው በሞስፌቱ ሳይሆን ከጌት ድራይቨሩ (የሞስፌቱን መቆጣጠሪያ እግር፣ ማለትም ጌቱን ከሚያዘው ቺፕ) አጠገብ ባለችው፣ ቡትስትራፕ በምትባል ቻርጅ አጠራቃሚ ካፓሲተር ላይ ነው። ሞስፌቶቹ የላይኛውና የታችኛው እየተባሉ በጥንድ ይሠራሉ፤ ይህች ካፓሲተር የታችኛው ሞስፌት በበራ ቁጥር በዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ክፍል) በኩል ትሞላለች፤ የላይኛውን ጌት የሚያበራው ቻርጅም ከእርሷ ይቀዳል። አቅሟ ካነሰ ቮልቴጁ ይወርድና ሞስፌቱ በግማሽ ተከፍቶ ይግላል።

የጌቱ ቻርጅ 100 ናኖኩሎም ቢሆንና የ0.5 ቮልት መውረድ ብንፈቅድ፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስናካፍል ቢያንስ 200 ናኖፋራድ ያስፈልጋል። ይሁንና ብዙው የሴራሚክ ካፓሲተር ቮልቴጅ ሲጫንበት አቅሙ ስለሚቀንስ፣ እኔ 1 ማይክሮፋራድ (1000 ናኖፋራድ)፣ 50 ቮልት፣ ኤክስ7አር የተባለውን የሴራሚክ ዓይነት እመርጣለሁ፤ ከልክ በላይ ማሳደጉ ግን የታችኛው ሞስፌት በሚበራበት አጭር ጊዜ ካፓሲተሯ እንዳትሞላ ያደርጋል። ዋይ5ቪ የተባለው ርካሹ የሴራሚክ ዓይነት በሙቀት አቅሙን በእጅጉ ያጣል፣ ውስጡ ፈሳሽ ያለበት ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተርም ይደርቃል፤ የከተማችንን ሙቀት ለአንባቢ መግለጽ አያሻም።

በጥቃቅኖቹ ሴራሚኮች ላይ ዓይነታቸው ስለማይጻፍ፣ ሻጮች የፋብሪካውን መለያ ከጥቅልሉ ሳይነጥሉ እንዲሸጡልን በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጥገና ባለሙያ፣ ከድሬዳዋ