የሐት ሪቨር ነገር

ወንድም ዓለሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። እናትህስ እንዴት ናቸው? ይህን ያህል ዘመን ሳንጻጻፍ መክረማችን ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ አንድ ወሬ ነው፤ ካንተ ሌላ የማዋየው ሰው አጣሁ። ቴምብር ስንሰበስብ አትላስ ላይ ፈልገን ያጣነው ሐት ሪቨር የሚባል አገር ትዝ ይልሃል? ፈርሷል። ታሪኩን ከሥሩ አነበብኩት፤ አላስተኛኝም።

ነገሩ የተጀመረው በስንዴ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ከፐርዝ በስተሰሜን 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሊዮናርድ ካስሊ የሚባል ገበሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 የምዕራብ አውስትራሊያ ግዛት መንግሥት ገበሬ ሊሸጥ የሚችለውን ስንዴ በኮታ ወሰነ። ካስሊ 4,000 ሄክታር ያህል ስንዴ ለአጨዳ ደርሶለታል፤ የተፈቀደለት ግን የ40 ሄክታር ምርት ብቻ ነው። አስበው እስቲ! ዓመት ሙሉ የተደከመበት አዝመራ ጎምርቶ ቆሞ ሳለ ከመቶው እጅ አንዱን ብቻ ሽጥ ሲባል! ለአገረ ገዢው አቤት አለ፤ ሰሚ አጣ። ይባስ ብሎ መሬት ለመውረስ የሚያስችል ረቂቅ ሕግ መጣ። በዚህ ጊዜ አምስት የገበሬ ቤተሰቦች መክረው ኤፕሪል 21 ቀን 1970 ተገንጥለናል አሉ። ጠቅላላ ግዛታቸው 75 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር።

ሰውየው ጥይት አልተኮሰም፤ መሣሪያው ሕግ ነበር። በ1495 የወጣ አንድ የእንግሊዝ ሕግ ዙፋን ላይ ያለን ንጉሥ ያገለገለ ሰው በክህደት አይከሰስም ይላልና፣ ራሱን ልዑል ሊዮናርድ ብሎ ሰየመ። ቴምብርና ሳንቲም አወጡ፣ ፓስፖርት አተሙ። በ1976 የአውስትራሊያ ፖስታ ደብዳቤያቸውን አላስተናግድም ሲል በካናዳ በኩል አዞሩት። በቀጣዩ ዓመት በአውስትራሊያ ላይ ጦርነት አውጀው በጥቂት ቀናት ውስጥ አበቃ አሉ። ቱሪስት ሲመጣ ልዑሉ ራሱ ብቅ ብሎ ተቀብሎ ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም ይመታለት ነበር። ሰዎች ይህን እንደ ቀልድ ያወሩታል፤ እኔን ያናድደኛል። ሥሩ የገበሬ አቤቱታ ነውና።

ጣሊያን በመሐንዲሱ በጆርጆ ሮዛ ላይ ያደረገችውን ታውቃለህ፤ ከሪሚኒ ወደብ ፊት ለፊት ባሕር ላይ የሠራውን 400 ካሬ ሜትር መድረክ በ1968 ነጻ አገር ነው ቢል በዓመቱ በፈንጂ አፈረሰችበት። አውስትራሊያ ግን አልቸኮለችም። አገርነታቸውን አንድም ቀን ሳትቀበል ሃምሳ ዓመት ታገሠች፤ በመጨረሻ የላከችው የግብር ሂሳብ ነው። በ2017 ፍርድ ቤቱ ሊዮናርድና አንድ ልጁ ወደ 3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንዲከፍሉ ወሰነ። እሱ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ዙፋኑን ለልጁ ለግሬም ለቆ ነበር። በ2019 በ93 ዓመቱ አረፈ። ቀጥሎ ኮቪድ መጣ፤ የቱሪስቱ ገቢ ነጠፈ። ኦገስት 3 ቀን 2020 ልጆቹ አገሪቱን አፍርሰው ዕዳውን ለመክፈል መሬቱን እንደሚሸጡ አስታወቁ።

አንጀቴን የበላው ይህ ነው። ያን ሁሉ ያደረጉት መሬታቸው እንዳይነካ ነበር፤ ለዕዳ የቀረበውም ያው መሬት ሆነ። ፍርድ ቤቱ ተሳሳተ አልልህም፤ ጎረቤቱ ገበሬ ግብር እየከፈለ እነሱ ብቻ ይቅርላቸው ማለት አይቻልም። ግን በ1969 አንድ ሹም ቁጭ ብሎ የዚያን ሰው ሂሳብ አይቶለት ቢሆን ኖሮ፣ ልዑልም ዙፋንም ባልመጣ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሌሎቹ ራሳቸውን አገር ያሉ ትንንሽ ቦታዎች ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰው ሐሳብ ይቆማሉ፤ ይህኛው ግን የሚታጨድ እርሻ ነበረው።

አንተ ሕግ ያጠናህ ሰው ነህ። የ1495ቱ ክርክር ውኃ ይቋጥር ይሆን? እንደ ድሮው በረጅሙ ጻፍልኝ፤ ካልተስማማኸኝም ሳትሸሽግ ንገረኝ። ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አክባሪ ወንድምህ