ስልኩን ከመቀማታችን በፊት

ክቡር አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ጋዜጣችሁ ላይ «የዘንድሮ ልጅ በስልክ ደነዘዘ» የሚሉ ደብዳቤዎች ደጋግሜ አነበብኩ። ጭንቀቱ ይገባኛል፣ እኔም የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ግን ሁሉንም ስልክ ላይ መላከክ ልክ አይመስለኝም።

እኔ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ስንገባ ቁልፍ ባለው የብረት ሳጥን ውስጥ «ፕላዝማ» የምንለው ትልቅ ቴሌቪዥን ጠበቀን። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የሚመጣ ነበር፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ ራሱ መልሶ ያልፋል። እኛ ገና ጥያቄውን ገልብጠን አልጨረስንም። አስተማሪው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይናገራል፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ይጠቀልላል፣ መሀሉ የቴሌቪዥኑ ነው። አንድ ቀን የሒሳብ አስተማሪያችን ግማሹ ክፍል እንደጠፋበት ሲያይ ድምፁን ቀንሶ ሰሌዳው ላይ ሦስት ማዕዘን መሳል ጀመረ። ከጀርባው ምስሉ እየሮጠ ነበር። እሱ ሲጨርስ ፕላዝማው ሌላ ርዕስ ውስጥ ገብቷል። እውነቱን ለመናገር ሒሳብ በደንብ የገባኝ መብራት በጠፋ ቀን ነው፣ ምክንያቱም እጄን አውጥቼ «ጋሼ፣ አልገባኝም» ማለት የምችለው ያን ቀን ብቻ ነበር።

አባቴ የተማረው የኔታ ዘንድ ነው። በስንደዶ ፊደሉን እየነካ ሀ ሁ ይላል፣ ከዚያ አቡጊዳ፣ ከዚያ ዳዊት። የኔታ ለሁሉም ስለማይደርሱ ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቆጥረዋል። አባቴ እሱን ያስቆጠረውን ልጅ ስም እስከ ዛሬ አልረሳውም።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። 7ኛ ክፍል ናት። አስተማሪዋ የቤት ሥራ በቴሌግራም ይልካል፣ ያልገባትን ዩቲዩብ ላይ ታያለች፣ ታቆመዋለች፣ ትመልሰዋለች፣ ሦስት ጊዜ ታየዋለች። እኔ ያኔ ፕላዝማውን አንዴ እንኳ ማስቆም ብችል! ይህን ዕድል ከእጇ ቀምቼ መሳቢያ ውስጥ የምቆልፍበት ምክንያት የለኝም።

ግን ባለፈው ሳምንት ጥያቄውን በስልኳ ፎቶ አነሳችው፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ አንድ በአንድ ሠርቶ ሰጣት፣ እሷም በሚያምር ጽሑፍ ደብተሯ ላይ ገለበጠችው። «ኔጌቲቭ 50ን ስንቀንስ ለምን መደመር ሆነ?» አልኳት። ዝም አለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ባለሱቁ ከዱቤ ደብተሩ ላይ 50 ብር ዕዳሽን ቢሰርዝልሽስ?» ስላት ትንሽ አሰበችና «እንዴ፣ ኪሴ ባይገባም 50 ብር አገኘሁ ማለት ነዋ!» አለች። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ሰፈራችን ውስጥ ወሬው ሁሉ ስልክ፣ ስልክ ሆነ። እነዚያ ልጆች ግን ብዙዎቹ 10ኛ ክፍል እያሉ መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ናቸው፣ ሰሜን ያሉት ደግሞ ጦርነት ተጨምሮባቸዋል። አጠገባቸው ማን ነበር? ይህን የጠየቀ ሰው አልሰማሁም።

ስለዚህ ለትምህርት ቤቶች አንድ ልመና አለኝ። የቤት ሥራ በቴሌግራም መላኩ ይቀጥል፣ ግን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ልጁ ሰሌዳው ጋ ወጥቶ መልሱን እንዴት እንዳገኘው በአፉ ያስረዳ። ከፍ ያሉትም ታናናሾቻቸውን ያስጠኑ፣ እንደ የኔታ ዘመን። ወላጆችም ምሽት ላይ የራሳችንን ስልክ አስቀምጠን አጠገባቸው እንቀመጥ፣ ሒሳቡን ባናውቀውም «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ አያቅተንም።

ትናንት ማታ ልጄ ለታናሽ ወንድሟ ስታስረዳ ሰማኋት። ዱቤውን 100 ብር አድርጋዋለች።

የሁለት ልጆች አባት፣ ከደሴ