የእንግሊዝኛ ክበብ ዘንድሮ

ክበባችንን «ቃል መሸምደጃ» የሚሉት አሉ። ሐሙስ ከሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወዳለችው ክፍል ብቅ ቢሉ ሐሳባቸውን ይቀይሩ ነበር።

መስከረም ላይ አባላት መዘገብን፣ ኮሚቴ መረጥን፣ በሚኒ ሚዲያም ሁለቴ አቀረብን። የቀረውን ጊዜ የወሰዱት ስለ እርዳታ የሚነገሩ ፍሬዛል ቨርቦች (ግስ ከአጭር ቃል ጋር ተጣምሮ የራሱን ትርጉም የሚይዝባቸው አባባሎች) ናቸው። ተማሪ ሁሉንም «መርዳት» ብሎ ያልፋቸዋል። ግን አንድ አይደሉም። ሥራ የበዛበትን ሰው ማገዝ «ሄልፕ አውት» ነው። ተረባርቦ አብሮ መሥራት «ፒች ኢን» ነው፤ ደቦን አስቡ። «ቺፕ ኢን» ሲሆን ብዙ ጊዜ ኪስ ይነካል፤ መዋጮ ነው።

ከከባድ ችግር ማውጣት የሚባለው «ቤይል አውት» ግን አልገባ አላቸው። የካቲት ላይ ወደ ዘጌ ሄድን። ጀልባችን ትንሽ ውሃ ታስገባ ነበር። ረዳቱ ልጅ በተቆረጠ ጀሪካን እየቀዳ ወደ ጣና ይደፋል። ድምጿን ሰምተን የማናውቅ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ትክ ብላ አየችውና «ቲቸር፣ ይሄ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» አለችኝ። «ቤይል አውት» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ፣ «እንግዲያው ቤይል አውት የሚደረገው ሊሰምጥ የደረሰ ሰው ነው፤ ሄልፕ አውት የሚደረገው ደግሞ እየቀዘፈ የደከመው» አለች። እኔ ሰሌዳ ሙሉ ጽፌ ያላስረዳሁትን! ሰውን በዋስ ማስፈታትም በዚሁ ቃል እንደሚነገር ስነግራቸው ማንም ማብራሪያ አልጠየቀኝም።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ዝም ብላ አታውቅም። «ታይድ ኦቨር»ንም ያስረዳችን እሷ ናት። አያቷ ነሐሴ ላይ ለጎረቤት አንድ ቁና ጤፍ ያበድራሉ። አዲሱ እህል እስኪደርስ ያሻግራል እንጂ ዓመት አያከርምም። «ማሻገር»፤ ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁለትም።

የጥያቄና መልስ ውድድራችን አልተሳካም። መብራት ጠፋ፣ ሌላ ቀንም አጣን። የጀልባውን ኪራይ የከፈልነው ከተማሪዎቹ ጋር አዋጥተን ነው። ያለን መዝገበ ቃላት አንድ ነው፤ እሱም መጨረሻው ተገንጥሏል፣ «ታይድ ኦቨር» ያለበት ገጽ የለውም። ለስፖርት ክበብ ኳስ ሲገዛ ደስ ብሎናል። የእኛም ጥያቄ ይታይልን።

ለመጪው ዓመት የምንፈልገው 4 መዝገበ ቃላትና የሚቆለፍ አንድ ቁም ሳጥን ነው። ወላጆችም የቀድሞ ተማሪዎችም፣ ቤታችሁ የተቀመጠ መዝገበ ቃላት ካለ አምጡልን። ሐሙስ ከ9 ሰዓት በኋላ ክፍሏ ክፍት ናት።