ጥንቸሏን «እንስሳት» ብላችሁ አትለፏት

ለክቡር አዘጋጁ፣

ሐኪሞች ካርቲሌጅ ስለሚሉት፣ የአጥንቱን ጫፍ ስለሚሸፍነው የጉልበት ልም አጥንት ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ ያነበብኩት፣ እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «መድኃኒቱ ተገኘ አሉ፤ አንተ እዚያው ሆነህ እንዴት አልነገርከኝም?» ብላ ከወቀሰችኝ በኋላ ነው። የተበላ ልም አጥንት «በእንስሳት ላይ» ዳግም እንደበቀለ ጽፋችኋል። የትኞቹ እንስሳት እንደሆኑ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር አልተገለጸም። ጥናቱን ፈልጌ አነበብኩት። ጥንቸሎች ናቸው፤ ውጤቱም የታየው በ12ኛው ሳምንት ነው። ይህን ለመጻፍ ስንት ቃል ይፈጅባችሁ ነበር?

ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ተምሬ፣ አሁን አሜሪካ ውስጥ የመገጣጠሚያ ጉዳት በሚጠናበት ቤተ ሙከራ በጎችንና ፍየሎችን የምንከባከብ ሰው ነኝና ነገሩ አላስተኛኝም። ልም አጥንት የደም ሥር ስለሌለው እንደ ቆዳ ቁስል በቀላሉ አይሽርም፤ ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1743 ከጠፋ እንደማይመለስ የጻፈው ዛሬም ሐኪሞችን የሚያስጨንቅ እውነት ነው። የሰው ጉልበት ልም አጥንት ውፍረቱ ከ2 ሚሊሜትር በላይ ሲሆን የጥንቸሏ 0.3 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። በዚህ ምክንያት ለሙከራ ተብሎ ጥንቸሏ ጉልበት ላይ የሚሰረሰረው ጉድጓድ አብዛኛው የሚያርፈው አጥንቱ ውስጥ ነው፤ ከመቅኔው የሚወጣው ደምና ሕዋስም ጉድጓዱን ይሞላዋል። ሻፒሮ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት የጥንቸል ጥናት 3 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ጉድጓዶች ምንም መድኃኒት ሳይደረግባቸው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ልም አጥንት በሚመስል ነገር ሲሞሉ፣ ጥንቸሎቹን እስከ 48 ሳምንት ሲከታተሉ ደግሞ ያው የተሞላው እየተበላሸ ሲሄድ አይተዋል። እንግዲህ በ12ኛው ሳምንት ሞልቶ የታየን ጉድጓድ «ፈውስ» ብሎ ማወጅ፣ ገና ያበበ ማሳ አይቶ ጎተራው ሞላ እንደማለት ነው።

ጥንቸል አትጠቅምም ማለቴ አይደለም። ከታማሚው የራሱን የልም አጥንት ሕዋስ ወስዶ፣ አራብቶ መልሶ የመትከል ሕክምና መጀመሪያ የተሞከረው በጥንቸል ነው፤ የስዊድን ሐኪሞች በ23 ሰዎች ላይ ያገኙትን ውጤት ያሳተሙት ከዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። በመካከሉ ያለውን ረጅም መንገድ ነው የዘለላችሁት። በዚያ መንገድ ላይ ፍየል፣ በግና ፈረስ አሉ፤ ፈረስ ልም አጥንቱ በውፍረት ወደ ሰው ይቀርባል።

እነሱንም ቢሆን የሚያውቃቸው አብሯቸው የሚያድር ሰው ነው። ጉልበቱ የተቀደደ ሰው ለሳምንታት በክራንች እንዲሄድ ይታዘዛል፤ ፍየልን ግን እግርሽን አታሳርፊ ማለት አይቻልም። ባለፈው ክረምት ቀዶ ሕክምና የተደረገላት አንዲት ፍየል፣ ማደንዘዣው ገና በቅጡ ሳይለቃት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጭድ ላይ ተንገዳግዳ ስትቆም ሆዷን በሁለት እጄ ደግፌ ይዣት ነበር። የታመመውን እግሯን በሰኮናዋ ጫፍ ብቻ አስነክታ ወዲያው ታነሳዋለች፤ ቆይታ ግን ሙሉ ክብደቷን ጣለችበት። ያ የሌሊት እርምጃ አዲሱ ልም አጥንት መያዝ አለመያዙን ሊወስን ይችላል። እኔና ባልደረቦቼ ይህን ቀን ከሌት እንመዘግባለን፤ ስናክም፣ ስናስታምም፣ መጨረሻ ላይም ለጥናቱ ሲባል ሕይወታቸው ሲያልፍ እጃችን ላይ ነው። በዘገባችሁ ግን የእንስሳት ሐኪም የሚባል ሙያ የለም። ከሙያችን አንድ ሰው ብትጠይቁ ኖሮ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው እንስሳ? ዕድሜው ስንት? እስከ ስንት ሳምንት ተከታተሉት?» ይሆን ነበር።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ደረጃ ስትወርድ ጉልበቷ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ስግደት ካቆመች ሁለት ዓመት ሆኗታል። የጭን ጡንቻዋን እንዲያጠነክር የታዘዘላትን እንቅስቃሴ ዘገባችሁን ካነበበች ወዲህ ትታዋለች፤ መድኃኒቱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ ትላለች። ያልኩትን ብላት፣ የታተመውን ነው የምታምነው።

ስለዚህ እርማቱን ዘገባው በወጣበት በዚያው ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡልኝ፤ «ጥንቸል» እና «12 ሳምንት» የሚሉት ቃላትም ከርዕሱ ሥር ይግቡ። እናቴ መነጽሯን ሳታደርግ የምታነበው እሱን ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንስሳት ሐኪም፣ ከአሜሪካ