ቤት አገኘን፣ በደሴ መንገድ በኩል ነው

አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የጦሳ ብርድ ዘንድሮ ጠንክሯል አሉ። ማለዳ ወደ መድኃኔዓለም ስትወጪ ጋቢ ደርቢበት፤ ነጠላ ብቻውን አይሆንሽም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው፣ ስምሽን ሳያነሱ አይውሉም።

በስልክ «ደህና ነኝ፣ ካርድሽን አትጨርሺ» ብለሽ ቶሎ ትዘጊብኛለሽ። እኔም የሆዴን ሳልናገር የሽንኩርት ዋጋ አውርተን እንለያያለን። ስለዚህ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። ጎላ ጎላ አድርጌ ነው የጻፍኩት። የጎረቤትሽን ልጅ አታስነብቢያት። መነጽርሽን አድርጊና በደህናው ዓይንሽ፣ ቀን በብርሃን፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ቤት አገኘን። ኮተቤ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ዕቃችንን አስገባን።

ክረምቱን የከረምነው ጀሞ፣ የአማችሽ እህት ቤት ተጠግተን ነው። እግዜር ይስጣት፣ አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችብንም። ግን ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁለት ቤተሰብ እንዴት ይኖራል? ያውም አራተኛ ፎቅ ላይ። ሊፍት የለውም። ውሃ በፈረቃ ነው፤ በተራው ቀንም ወደ ላይ የሚወጣበት ኃይል ያንሰዋል። ሌሊት ቧንቧው ማጓራት ሲጀምር ሁላችንም ተነስተን ባልዲውን፣ ጀሪካኑን፣ ድስቱን እንደረድራለን። ያልመጣ ቀን አማችሽ ታች ካለው ሮቶ እየቀዳ ደረጃውን ይወጣል። ልጆቹ ሲሮጡ ደግሞ ከታች ያሉት ጣሪያቸውን ያንኳኳሉ። ማሙሽ በጫፍ እግሩ መራመድ ለምዶ ነበር። ደሴ ግቢሽ ውስጥ ዛፍ ላይ ሲንጠላጠል የነበረ ልጅ ነው።

ሰፈር መምረጥ እንዲህ የሚያደክም ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ሰው ሁሉ ምክር አለው። ደላላው አንድ ይልሻል፣ መሥሪያ ቤት ያሉት ሌላ ይላሉ። ሁሉም ስለ ኪራይና ስለ ታክሲ ነው የሚያወራው።

አማችሽ የፈለገው ለቡን ነበር። ለሥራው ለቃሊቲ ይቀርበዋል። ሰፈሩም አዲስ ነው፣ ፎቁ ያምራል፣ የግል ትምህርት ቤቱም ብዙ ነው። ግን ኪራዩና የትምህርት ቤት ክፍያው ሲደመር የሁለታችንን ደመወዝ ጥርግ አድርጎ ይወስደዋል። ያየነው ቤት ባለቤት ደግሞ የስድስት ወር ቅድሚያ ካልከፈላችሁ አለን። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅን ይከለክላል፤ ውሉም ከሁለት ዓመት በታች መሆን የለበትም። ይህን ስነግረው ደላላው «እህቴ፣ ቤት ነው የምትፈልጊው ወይስ አዋጅ?» አለኝ። ትተነው ወጣን።

ቱሉ ዲምቱም ሄደን አይተናል። የናዝሬቱ ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት ነው። ቤቱ ሰፊ፣ ዋጋው ቀላል፣ አየሩም ጥሩ። አማችሽ ልቡ ሊቆርጥ ምንም አልቀረውም። እኔ ግን በማለዳ ነው ያየሁት። ገና ሳይነጋ ልጆች በር በር ላይ ቆመው የትምህርት ቤት ሰርቪስ ይጠብቃሉ። አንዷ የሚጣን የምታክል ልጅ ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ ጭንቅላቷን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። የምሳ ዕቃዋን አቅፋ ነበር የተኛችው። እዚያው ቆሜ «እዚህ አይሆንም» አልኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም።

አንቺ ግን ታውቂዋለሽ።

እማዬ፣ ማሙሽ በጥር አሥር ዓመት ይሞላዋል። እኔ ከቤት የወጣሁበት ዕድሜ ነው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ወስደሽኝ በነጠላሽ ጫፍ ቆሎ ቋጥረሽ ሰጠሽኝ፣ ከዚያ ለረዳቱ «አደራ፣ ሽሮ ሜዳ አክስቷ ትቀበላታለች» አልሽው። ሞተሩ ተነስቷል፣ የናፍጣው ጭስ ዓይኔን ያቃጥለኛል። አንቺ አላለቀስሽም። እኔም አንቺን አይቼ አላለቀስኩም። «ለትምህርትሽ ነው» ብለሽኝ ስለነበር እስክጨርስ ድረስ ጎበዝ ሆንኩልሽ። አክስቴ ክፉ አልነበረችም። ግን በዓል በመጣ ቁጥር የደሴ መኪና የገባ እንደሆነ እየሮጥኩ ወጥቼ አይ ነበር። አንድም ቀን አልመጣሽም። ወንድሜን ከጉያሽ አላራቅሽውም። እኔን ግን ላክሽኝ።

በአባዬ ነገርና በሙጋዱ ቤት ምክንያት እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። አንድ አፍ መቀነስ ነበረበት፤ ያም ገብቶኛል። ተምሬ ሰው የሆንኩትም በዚያ ነው፣ አልክድም፣ አመሰግንሻለሁም። ያልገባኝ አለመምጣትሽ ነው። የመኪና ቢጠፋ እንኳ አንድ ፋሲካ፣ አንድ መስቀል? ስንት ዓመት ሙሉ ልጠይቅሽ እያልኩ ቡና ተፈልቶ፣ ቡና ተጠጥቶ ይቀራል። አሁንም መልሱን በስልክ አልፈልገውም።

ስለ ልጆቹ ልንገርሽ። ሚጣዬ የፊት ጥርሷ ወለቀ። አንቺ የነገርሻት ትዝ ብሏት ጣሪያ ላይ ካልወረወርኩት አለች። ጀሞ ምን ጣሪያ አለ? በሶፍት ጠቅልላ የሥዕል ደብተሯ ውስጥ አስቀመጠችው። ኮተቤ የገባን ዕለት ዕቃ ሳናወርድ አባቷ ትከሻው ላይ አወጣትና ቆርቆሮው ላይ ወረወረችው። ኳ ብሎ ሲያርፍ ግቢው ሁሉ ሳቀ። መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ትገባለች። ማሙሽ አራተኛ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት አስመዘገብናቸው፤ በእግራቸው ነው የሚሄዱት። ቁርስና ምሳ እዚያው ይበላሉ፤ ከተማው ከ2012 ጀምሮ ይመግባል። አንቺ «የመንግሥት?» ብለሽ ቅር እንደሚልሽ አውቃለሁ። እኔ ግን ተሰልፈው ሲገቡ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ላያቸው የምችልበት ትምህርት ቤት ነው የፈለግሁት።

አያትንም አይተነው ነበር። ለእኔ ለሥራዬ እሱ ይሻል ነበር፤ ባቡሩ ከአያት ተነስቶ በመገናኛ አድርጎ ሜክሲኮ ድረስ ይወስደኛል። መነሻው ላይ ስለሆነም መቀመጫ ይገኛል። ግን ያየናቸው ኮንዶሚኒየሞች ምድር ቤታቸው ሱቅ ነው፤ ፀጉር ቤት፣ ፋርማሲ፣ ሥጋ ቤት። ለመኖሪያ የቀረው ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ ነበር። እኔ ደግሞ ደረጃ ያለው ቤት አልፈለግሁም።

የኮተቤው ቤት ግቢ ውስጥ ነው። የጭቃ ቤት ነው፤ በሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል። ሁለት ክፍልና ማድ ቤት አለው። አከራዮቹ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ናቸው፣ ባልየው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ውሉን ወረዳ ወስደው ያስመዘገቡት ራሳቸው ናቸው። እትዬ ከገባን ጀምሮ ቡና ሲያፈሉ ሳይጠሩኝ ቀርተው አያውቁም። ከበሩ እስከ ግቢው አንድም ደረጃ የለም። መጸዳጃው ከቤቱ ጋር የተያያዘ ነው፣ ሌሊት ብርድ ላይ አትወጪም። ትንሿ ክፍል መስኮቷ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ አልጋው ድረስ ይገባል።

ከደሴ የሚመጣው መኪና በሰንዳፋና በለገጣፎ አድርጎ በኮተቤ በኩል ነው ከተማ የሚገባው። ላምበረት መናኸሪያ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከተማውን አቋርጦ መሄድ፣ ሻንጣ ይዞ ታክሲ ከታክሲ መቀያየር የለም። ምኒልክ ሆስፒታልም በዚሁ በየካ በኩል ነው። ለዓይን ከድሮም የታወቀ ነው። ሞራው ይገፈፍ ሲሉሽ «ክረምቱ ይውጣ» ብለሽ ነበር። ክረምቱ እኮ ሊወጣ ነው።

አማችሽ አሁን ቃሊቲ ለመድረስ ገና ሳይነጋ ይወጣል። ማታም ደክሞት ነው የሚገባው። ውሉን ስንፈርም ቀና ብሎ አየኝና «ለምን ኮተቤ ብለሽ ሙጭጭ እንዳልሽ ገብቶኛል፤ ጥሩ ነው» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። እናቱን በልጅነቱ እንዳጣ ታውቂያለሽ። አንቺ በሠርጋችን ሰሞን ስለ እሱ ያልሽውን ነገር ግን እባክሽ አሁን ተይው። እኔ ልተወው ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ ልናገረው። ከኮምቦልቻ ስንነሳ «ለሁለት ዓመት ነው፣ ተመልሰን እንመጣለን» ብዬሽ ነበር። የምንመለስ አይመስለኝም። የእሱም የእኔም እንጀራ እዚህ ነው። ልጆቹም እዚሁ ሥር ይሰዳሉ። አንቺ ደግሞ ሆጤ ብቻሽን ነሽ። ወንድሜ ጅዳ ነው፣ ብር ይልካል፤ ብር ግን ከወደቅሽበት አያነሳሽም።

የግንቦቱ ሌሊት ከዓይኔ አልጠፋም። መታጠቢያ ቤት ወድቀሽ ጎረቤት እስኪሰማሽ ድረስ ስንት ሰዓት እዚያ ሲሚንቶ ላይ እንደቆየሽ እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም። ያኔ ኮምቦልቻ ስለነበርኩ ጎረቤት ስትደውል በባጃጅም በሚኒባስም ብዬ ደረስኩልሽ። እጅሽ ቀዝቅዞ ነበር። አሁን በመካከላችን 400 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይሆንም፤ ሲዘጋ አይተናል። ሌሊት ስልክ ሲጮህ ልቤ ቀጥ ይላል። አማችሽ ነው አንስቶ የሚያየው፣ እኔ አልችልም።

ነይ። ከእኛ ጋር ኑሪ።

የምትዪውን አውቀዋለሁ። ዕድሬን ጥዬ የት እሄዳለሁ ትያለሽ። ቤቱን ማን ይጠብቀዋል፣ የአባትሽ መቃብር እዚህ ነው፣ ሰው ቤት ተጠግቼ አልኖርም ትያለሽ። ዕድርሽን ክፍያውን እየላክን እናቆየዋለን። ለሊቀመንበሩ ደውዬ ጠይቄያለሁ፣ ይቻላል ብለውኛል። ቤቱን የጎረቤትሽ ልጅ ከነባሏ ትግባበት፤ ኪራይ የምትከፍልበት ጭንቀት ይቀርላታል፣ ቤቱም አይቀዘቅዝም። ለአባዬ ተዝካር ጊዜ አብረን እንወርዳለን። የሰው ቤት ያልሽው ግን ቅር ያሰኘኛል። የእኔ ቤት የሰው ቤት አይደለም። እኔ ልጅ ሆኜ የሰው ቤት አድጌያለሁ፣ ልዩነቱን አውቀዋለሁ።

ልትቆጪ ትችያለሽ። ይህን ሁሉ ወቀሳ ጽፋ ደግሞ ነይ ትለኛለች ትይ ይሆናል። ሁለቱም እውነት ነው እማዬ። ያኔ ስላልመጣሽ አሁንም ከፍቶኛል። አሁን ካልመጣሽ ደግሞ አልችለውም።

ለዘለቄታው ካስፈራሽ ለመስቀል ብለሽ ነይ። ከቀበሌ መሸኛም አታውጪ፣ ለማንም ምንም አትበይ፣ ዓይኔን ልታከም ነው በይ። ዓይንሽ እስኪድን ተቀመጪ። ከዚያ ያልወደድሽው እንደሆነ ራሴ መልሼ አደርስሻለሁ።

ቲኬቱን ለልጅቷ ባል በቴሌብር እልክለታለሁ፣ እሱ ይቆርጥልሻል። ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ይያዝልሽ፣ የመጨረሻው ወንበር ወገብሽን ይጎዳዋል። የስኳርና የግፊት መድኃኒትሽን በእጅ ቦርሳሽ አድርጊ፤ ከዕቃ ጋር ጣሪያ ላይ እንዳይጭኑብሽ። የክትትል ካርድሽንና ከዓይን ሐኪሙ የሰጡሽን ወረቀት አትርሺ፣ እዚህ ሲያዩሽ ይጠይቁሻል። ፋይዳሽንም ያዢ። በርበሬ አምጥቼ ብለሽ እንዳትለፊ፣ እዚህ አስፈጭቻለሁ። መኪናው ደብረ ብርሃን ለምሳ ሲቆም ሳትበዪ እንዳትቀሪ፣ ስኳርሽ ይወርዳል። ጾም ቢሆንም ብዪ። እዚያ ስትደርሺ ደውዪልኝ፣ ከሥራ ፈቃድ እወስዳለሁ፣ ላምበረት ቀድሜ እገኛለሁ።

የምትነሺበትን ቀን አንቺው ምረጪ። እስከ መጪው እሁድ ብቻ ንገሪኝ፣ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ የማስይዘው ሰኞ ነው።

ልጅሽ